ትንሽ ማሰሮ አይብ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ፈሰክን። መጀመሪያ ተልባ፤ እናቴ ሆድ ሳይለሰልስ ዶሮ አታስነካም። ወጡ እየሞቀ ሳለ አላስችለኝ ብሎ የእንጀራ ጫፍ ቆርሼ አይብ ጠቀለልኩበት። ጨው እንኳ አልነካውም። 55 ቀን የጠበቀ አፍ ግን ምን ጨው ይፈልጋል? ያኔ ነው የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ኤፊቆሮስ ትዝ ያለኝ።

አውቃለሁ፣ በትንሣኤ ሌሊት የሚታወስ ሰው አይደለም። ጳውሎስ አቴና ላይ ካነጋገሩት ፈላስፎች መካከል የእሱ ወገኖች ነበሩበት፤ የሙታን ትንሣኤ ሲነሣ ከሰሚዎቹ አንዳንዶቹ አፌዙ። ሰውዬው ራሱ ነፍስ ከሥጋ ጋር ትበተናለች ብሎ ነበር የሚያስተምረው። እዚህ ላይ አንስማማም። አይቡ ላይ ግን እንስማማለን።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ341 ሳሞስ ደሴት ላይ ተወለደ። ሠላሳዎቹን ሲያጋምስ አቴና ገባና በ80 ምናን (የዘመኑ የግሪክ ገንዘብ መለኪያ) የአትክልት ቦታ ገዛ፤ ትምህርት ቤቱም ቤቱም እሱ ሆነ። ሴቶችም ባሮችም ገቡበት። ለዘመኑ ጉድ ነው። ሚስ የሚባለው ባሪያው አብሮ ይፈላሰፍ ነበር፤ በኑዛዜው ነፃ አውጥቶታል።

የኑሮ ግቡ ደስታ ነው በማለቱ ጠላቶቹ ያላሉት የለም፤ ሆዳምም ሴሰኛም ተባለ። በፈረንጆቹ ቋንቋ ስሙ እስካሁን ጥሩ ምግብና መጠጥ ለሚያሳድድ ሰው መጠሪያ ነው። ግፍ ነው እንጂ! የሰውዬው ደስታ ሥጋ ካልታመመና ልብ ካልተረበሸ በቂ ነው የሚል ነበር። ውሎው ዳቦና ውኃ። ለአንድ ወዳጁ ሲጽፍ አንዲት ትንሽ ማሰሮ አይብ ላክልኝ፣ ሲያሰኘኝ ልደግስባት ይላል። ድግሱ እንግዲህ እሷው ናት። የዶሮ ዋጋ ሰምታችሁ ክው ላላችሁ ሁሉ ይድረስልኝ።

ለተከታዩ ለሜኖይኬዎስ በጻፈው ደብዳቤ ደግሞ ዳቦና ውኃ ለተቸገረ ሰው ሲደርሱት ከደስታ ሁሉ የላቀውን ይሰጡታል ይላል። ይህን ለሁዳዴ ጿሚ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የዛሬው አይብ የጣፈጠው እኮ በአይብነቱ ብቻ አይደለም። እነዚያ 55 ቀናት አብረውት ተጠቅልለው ነው። ባለፈው ጥር የበላሁት አይብ ምን ምን ይል እንደነበር እንኳ ትዝ አይለኝም።

የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ270፣ በሽንት ጠጠር 14 ቀን ተሠቃይቶ ነው። በመጨረሻዋ ቀን ለወዳጁ ለኢዶሜኔዎስ ጻፈ፦ ሕመሙ ከዚህ በላይ የሚብስበት የለም፣ ግን ያኔ የተጨዋወትነውን ሳስታውስ ደስታው ይቋቋምልኛል። ቀጥሎ የሜትሮዶሮስን ልጆች አደራ አለው። ሜትሮዶሮስ ቀድሞት የሞተ ጓደኛው ነው። በዚያ ሕመም ውስጥ የሰው ልጅ ማሳደጊያ ያሳስበዋል! እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ ስልክ አላነሳም።

ኑዛዜው ላይ በየወሩ በ20 ወዳጆቹ እየተሰበሰቡ እሱንና ሜትሮዶሮስን እንዲያስቡ ጽፏል። እኛ በ21 የማርያምን ጽዋ እንደምንጠጣው ማለት ነው። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶም ኢጣሊያ ውስጥ ፊሎዴሞስ የተባለ ተከታዩ አንድ ሹም ወዳጁን በግጥም ጋብዞታል፦ ነገ 20 ነው፣ ከደሳሳ ቤቴ ና፤ ምግቡ ተራ ነው፣ ጓደኞቹ ግን የልብ ናቸው።

የእኔም ቤት ክፍት ነው። ዶሮው አለ፣ ድፎውም አልተቆረሰም። አይቡን ግን እርሱት፤ እናቴ ስትነቃ ማሰሮዋን ባዶ አግኝታ ማን እንደሆነ እየጠየቀች ነው።

መልካም በዓል!