አሥር ሰዓት እና አሥር ዲግሪ

ይሄን የምጽፈው ተናድጄ ነው። በዋናነት በራሴ፣ ትንሽ ደግሞ በአንድ ቢሮ።

ባሕር ዳር ሆኜ ለማስተርስ ጽሑፌ የያዝኩት ኮስሞስ የሚባለውን የሰማይ ክፍል ነው። ዌብ የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ወደዚያ ሲያይ ሰማዩ ራሱ በኢንፍራሬድ፣ ዓይናችን በማያየው ከቀይ ወዲያ ባለ ብርሃን፣ ምን ያህል ያበራል? ቴሌስኮፑ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ አየሩን ቢያመልጥም በፕላኔቶች መካከል የተበተነውን አቧራ አያመልጥም። አቧራው እስከ 3 ማይክሮን የሞገድ ርዝመት ግድም የፀሐይን ብርሃን ይበትናል፣ ከዚያ ወዲያ በራሱ ሙቀት ያበራል። (ይሄ አቧራ በዓይንም ይታያል። ጥቅምት ላይ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ዘጌ እደሩና ጎህ ሳይቀድ በጣና ላይ ወደ ምሥራቅ እዩ፤ ከአድማሱ ወደ ላይ የቆመ ነጣ ያለ ብርሃን ታገኛላችሁ።)

ይሄን የሰማይ ብርሃን የሚያሰላውን የፓይተን ፕሮግራም መጫን ቀላል ነው። መብራት እየጠፋብኝ ሁለት ቀን ፈጀ እንጂ።

ጉዱ የመጣው ቦታውን ሳስገባ ነው። ካታሎጉ ላይ ራይት አሴንሽኑ (የሰማይ ኬንትሮስ በሉት) 10:00:28.6 ተብሎ ተጽፏል፣ ማለትም በሰዓት። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ዲግሪ ነው። በ15 አባዝቼ 150.1 ማለት ሲገባኝ 10 ብዬ አስገባሁ። በቃ። ወዲያው ቢያጋልጠኝ ደግ ነበር፣ ግን ሁለቱም ነጥቦች ፕላኔቶቹ ከሚዞሩበት ጠለል ብዙ ስለማይርቁ፣ የተሳሳተው 2 ዲግሪ ትክክለኛው 9 ዲግሪ፣ የብርሃኑ መጠን የማያስደነግጥ ሆኖ ወጣ። ይባስ ብሎ፣ ቦታው በዓመት ሁለቴ ለ50 ቀን ያህል ይታያል አለኝ፤ አንደኛው ጊዜ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ። ይሄ ደግሞ ከትክክለኛው ጋር አንድ ነው! እኔም አመንኩ። ሁለተኛውን ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አለኝ። እውነቱ ሚያዝያና ግንቦት ነበር።

ሳቀርብ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ዝምተኛ መምህር፣ «ነሐሴ ላይ ፀሐይ የት ናት ልጄ?» አሉኝ። እዚያው ኮስሞስ አጠገብ ናታ! ቴሌስኮፑ ከፀሐይ ከ85 ዲግሪ በታች ቀርቦ ማየት አይችልም። ይሄን ከማንም በፊት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ላቤ ጠብ አለ።

ከዚያ የጽሑፌን አንዷን ገጽ ለመቀየር ቢሮው አዲስ ፎርም፣ ሦስት ፊርማ አለኝ።

ከእኔ ብትሰሙ የቴሌስኮፑን የምልከታ ጊዜ የሚያሰላው ካልኩሌተር ላይ ለሰማዩ ብርሃን ያሉትን «ዝቅተኛ»፣ «መካከለኛ»፣ «ከፍተኛ» የሚሉ ምርጫዎች እርሷቸው። ወደ ጠለሉ የቀረበ ቦታ ላይ ብርሃኑ ከቀን ቀን ስለሚለያይ ቀኑን ራሱን አስገቡ። ፕሮግራሙን ከማመናችሁ በፊትም ፀሐይ በዚያ ቀን የት እንዳለች በወረቀት ሣሉ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ውጤቱ የሚወጣው በሜጋጃንስኪ በስቴራዲያን ነው (ጃንስኪ የብርሃን መጠን፣ ስቴራዲያን የሰማይ ስፋት መለኪያ ነው)፤ 1 ማለት በካሬ አርክ ሰከንድ 23.5 ማይክሮጃንስኪ ነው፣ ይሄንንም በእጃችሁ አስሉት።

ላፕቶፔ ላይ «×15» ብዬ ለጥፌያለሁ። ሦስተኛው ፊርማ ግን እስካሁን አልመጣም፤ ሰውየው ፈቃድ ላይ ናቸው አሉ።