ስለ ፓፈር አፍ

ፓፈር ሲነሳ (ሲያስፈራሩት ውሃ ውጦ እንደ ኳስ የሚነፋው ዓሣ ነው) ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ መነፋቱ ነው። እኔ ዛሬ ማስፈር የፈለግኩት ስለ አፉ ነው፤ ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ ለሚያኖረው ሰው ዋናው ጣጣ የሚመጣው ከዚያ ነውና።

ዶግፌስ የሚባለው የፓፈር ዝርያ አራት ጥርስ አለው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ ተጋጥመው የበቀቀን መንቁር መስለዋል። እንደ ጥፍር ዕድሜ ልካቸውን ያድጋሉ። ባሕር ውስጥ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ ሲሰባብር ይሞረዳሉ። ገንዳ ውስጥ የተላጠ ሽሪምፕና ስኩዊድ (ለስላሳ የባሕር ምግቦች) ብቻ ከተሰጠው ግን መንቁሩ እየረዘመ አፉን ይዘጋበታል፤ ምግቡ ዘንድ ደርሶ ይገጨዋል እንጂ አይነክሰውም። ምልክቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ጠንካራ ነገር ይሰጠው፦ ክላም (ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎል እንስሳ) ከነዛጎሉ፣ ሽሪምፕ ከነቅርፊቱ፣ የሸርጣን እግር። ሽሪምፕን ብቻ ማዘውተርም አይበጅም፤ በብዙ ሽሪምፕ ውስጥ ያለው ታያሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም ቫይታሚን ቢ1ን ያፈርሳል።

ከረዘመ በኋላ መቁረጥ ግድ ነው። የገንዳውን ውሃ በባልዲ መቅዳት፤ ለማደንዘዣ የሚሆነውን የቅርንፉድ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ውሃ ወተት እስኪመስል መነቅነቅ (እንዲሁ ከፈሰሰ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል)፤ ከዚያ ዓሣው ወዳለበት ባልዲ ጥቂት በጥቂት መጨመር። ዓሣው ሚዛኑን ስቶ ሲነኩት ዝም ካለ ይበቃል፤ ያኔ መንቁሩ ይቆረጣል። ስንጥቡ (የሚተነፍስበት አካል) መንቀሳቀስ ካቆመ መጠኑ አልፏል፤ ቶሎ ንጹሕ የጨው ውሃ ውስጥ መመለስ ነው። ለዚህ የዓሣ ሐኪም ከተገኘ እሱ ቢያደርገው እመርጣለሁ።

ወደ ባልዲው ሲዛወር በመረብ አይወጣም። ከውሃ ውጪ ከተነፋ አየር ይውጣል፤ ማስወጣት ሲያቅተው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። መቅጃ ዕቃ ገንዳው ውስጥ አጥልቆ ዓሣውን ከነውሃው መቅዳት ነው። አየር ከገባበትም እዚያው ውሃ ውስጥ አፉን ወደ ላይ፣ ጅራቱን ወደ ታች ይዞ ቀስ አድርጎ መወዝወዝ፤ አረፋ እያወጣ ይጎድላል።

ሌላው አፉ የሚያመጣው ጣጣ ልመና ነው። ሰው ባየ ቁጥር እንደ ቡችላ መስታወቱ ላይ ይንቆራጠጣል፤ ለዚያ ዓይን መሸነፍ ቀላል ነው። ሲበላ ደግሞ የደቀቀው ሥጋ በስንጥቡ በኩል እንደ ጭስ ይወጣል፤ ያ ብናኝ ነው አሞኒያ የሚሆነው። 30 ሴንቲ ሜትር ለሚያልፍ ዓሣ ከ450 ሊትር ያላነሰ ገንዳ፣ ጠንካራ ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣ መሣሪያ)፣ በየሳምንቱ 20 በመቶ የውሃ ቅያሪ ያስፈልጋል። አዲሱ ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ተበጥብጦ፣ 25 ዲግሪ ሞቆ፣ አንድ ቀን በፓምፕ ሲዞር ያድራል። ለጎልማሳው በሳምንት ሦስት አራት ቀን ምግብ ይበቃዋል፤ ትራፊው ሳይበሰብስ በቱቦ ይሳባል።