ከሜታኖል ሃይድሮጅን፦ ያስቸገረኝ ካታሊስቱ ሳይሆን ማትነኛው ነው

80 ዋት ገደማ ለሚሰጥ ፊውል ሴል (ሃይድሮጅንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ) ሃይድሮጅን የሚያመርተውን ሪፎርመር፣ ማለትም ነዳጅን ከውሃ እንፋሎት ጋር አሙቆ ሃይድሮጅን የሚያወጣውን መሣሪያ፣ የሠራሁት በሜታኖል እንዲሠራ አድርጌ ነው። እኛ አገር ፊንጫና መተሐራ ላይ ስለሚመረት የሚያጓጓው ኢታኖል ነበር፤ ግን ብዙውን ጊዜ ከ400 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፣ ካታሊስቱንም (ለውጡን የሚያፋጥነውን ቁስ) በካርቦን ይደፍነዋል። ለሜታኖል 250 ዲግሪ ይበቃዋል።

ድብልቁ በክብደት 58 ከመቶ ሜታኖል፣ የቀረው ዲስቲልድ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን መዳቡን ይገድለዋል። በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ሲገባ 1.1 ሊትር ያህል ሃይድሮጅን ይወጣል። ካታሊስቱ መዳብ፣ ዚንክ ኦክሳይድና አሉሚና ያለበት ነው፤ 40 ግራም ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር አድርጌ ሰባብሬ ውስጡ 25 ሚሊ ሜትር በሆነ የማይዝግ ብረት ቱቦ ሞላሁት። ከዚያ ካታሊስቱን ለማንቃት 5 ከመቶ ሃይድሮጅን ባለው ናይትሮጅን ሙቀቱን በደቂቃ 1 ዲግሪ እየጨመርኩ እስከ 230 አደረስኩት። እዚህ ላይ መቸኮል መዳቡን ያቃጥላል፤ ከ300 ካለፈ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ጉልበቱን ያጣል።

ማትነኛውን፣ ማለትም ድብልቁን ወደ እንፋሎት የሚለውጠውን ክፍል፣ መጀመሪያ ባዶ ቱቦ አደረግኩት። ጠብታው የጋለው ብረት ላይ ሲያርፍ ቷ ብሎ ይፈላል፣ ግፊቱ ይዘላል፣ የሴሉ ቮልቴጅም አብሮ ይዋዥቃል። ቱቦውን በማይዝግ ብረት ጭረት ጠቅጥቄ ፈሳሹን ከታች ሳስገባው ረጋ። ማትነኑ ከሪፎርሚንጉ እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ስለሚበላ ማሞቂያውን ማሳነስ አያዋጣም።

ሌላው ስህተቴ ቴርሞካፕሉን (የሙቀት መለኪያውን) የካታሊስቱ ቱቦ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነበር። ግድግዳው 250 ሲያሳይ መሃሉ 225 ነበር፤ ሳይለወጥ ያለፈ ሜታኖል ጋዙ ሲቀዘቅዝ በሚጤዘው ውሃ ውስጥ ተጠራቅሞ አገኘሁት። አሁን የምቆጣጠረው በመሃሉ ሙቀት ነው።

ጋዙ 1 ከመቶ ገደማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይይዛል። በ80 ዲግሪ የሚሠራ ተራ ሴል ከሚሊዮን ክፍል አሥሩ ብቻ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢሆን እንኳ ይታመማል፤ ስለዚህ ከ160 እስከ 180 ዲግሪ የሚሠራውን፣ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበትን መረጥኩ። እሱ ደግሞ ፈሳሽ ውሃ ከገባበት አሲዱ ታጥቦ ይሄዳል።

ሪፎርመሩን ሳስነሳ ካታሊስቱ በናይትሮጅን 180 ሳይደርስ ፓምፑን አልከፍትም፤ የሚጤዘው ውሃ እንክብሉን ይፈረፍረዋል። ሳቆም ፓምፑን ቀድሜ ዘግቼ ገና እንደጋለ በናይትሮጅን አጥበዋለሁ። ትኩሱን መዳብ አየር ካገኘው ራሱ ይጋያል። ሥራው ሁሉ ደጅ ነው፤ የሜታኖል ነበልባል በፀሐይ አይታይም፣ እጄን ሳላስጠጋ ቀጭን ወረቀት አስጠግቼ ነው የማረጋግጠው።