መድኃኒቱ መጣ፣ ግሉኮሱስ?

ጎንደር ላይ የካላዛር፣ ማለትም ጣፊያን የሚያሳብጠው በሽታ፣ ጥናት አስተባባሪ ሆኜ ስጀምር በጀቱን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። መድኃኒቱን ኩባንያ በዓይነት፣ ማለትም በገንዘብ ፈንታ ዕቃውን ራሱን፣ ሊሰጠን ተስማምቷል። ስለዚህ በመድኃኒት ረድፍ ላይ 0 ጽፌ አለፍኩ።

ካርቶኖቹ በደረሱ ማግስት ሲስተር ጠራችኝ። ጠረጴዛው ላይ ባለ 50 ሚሊ ግራም የሊፖሶማል አምፎቴሪሲን፣ የመድኃኒታችን፣ ብልቃጦች ተደርድረዋል።

«ይሄን በምን ልስጠው?»

«ይኸው ግሉኮስ» አልኳት፣ መደርደሪያውን እያሳየሁ።

«እሱ እኮ ሳላይን ነው።»

እኛ አገር በደም ሥር የሚንጠባጠብ ሁሉ ግሉኮስ ይባላል። ይህ መድኃኒት ግን ከጨው ጋር አይስማማም፤ ሳላይን፣ ማለትም የጨው ውኃ፣ ሲነካው ይዘቅጣል። መጀመሪያ በመርፌ ውኃ ይበጠበጣል፣ ከዚያ በዴክስትሮስ፣ በእውነተኛው ግሉኮስ፣ ይቀጥናል። እኔ ለዴክስትሮስ ሰባራ ሳንቲም አልያዝኩም። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የታመመ ልጅ ጣፊያው አብጦ፣ ከስቶ፣ አልጋው ላይ ይጠብቃል። ከሌላ ክፍል ለምነን ጀመርንለት። ዓይኑን እስካሁን አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ «በነጻ» የሚል ቃል ስሰማ መድኃኒቱን ከአውሮፕላኑ እስከ በሽተኛው ክንድ በሐሳቤ እከተለዋለሁ። የማስገቢያ ፈቃዱን ማን ያወጣል? ጉምሩክ ቢያቆየው የመጋዘኑ ኪራይ የማን ነው? ከ25 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለበትም፤ ታዲያ የቆላውን ሙቀት በምን ይሻገራል? ሁሉንም ውል ላይ አሰፍራለሁ።

ትልቁ ትምህርት ግን በዓይነት የሚሰጠው መዋጮ ዋጋ አገማመት ላይ ነው። አውሮፓ ውስጥ በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ኢኖቬቲቭ ሜዲሲንስ ኢኒሼቲቭ የተባለ የመድኃኒት ምርምር ጥምረት የአውሮፓ ኅብረትን ገንዘብ ከመድኃኒት ኩባንያዎች መዋጮ ጋር ያጣመረ ነበር። ኩባንያዎቹ የሚያዋጡት በአብዛኛው በዓይነት ነበር፤ የተመራማሪ ሰዓት፣ ላቦራቶሪ፣ ቁሳቁስ። ይህን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። የእነሱ ባለሙያ ሰዓት መዋጮ ከሆነ፣ የእኛ ሲስተር ሌሊት ስታድር መዋጮ የማይሆነው ለምንድን ነው?

ለሁለተኛው ዙር የአልጋውን፣ የነርሶቹን ሰዓት፣ የላቦራቶሪውን ሁሉ ወጪ ቆጥሬ ይዤ ቀረብኩ። ኩባንያውንም ወጪውን በገበያ ዋጋ ሳይሆን በትክክል ባወጣው ልክ እንዲያሳየን ጠየቅኩ። ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እነሱ ግን አብረን እንቁጠር አሉ። ማጓጓዣውንና ማቅጠኛውን ወደ ራሳቸው ወሰዱ።

ዕቃው ሲደርስ ሲስተር መጀመሪያ የከፈተችው የዴክስትሮሱን ካርቶን ነው።