በሩ ኮርኒስ ሥር የሆነ ክፍል

ዛሬ ውስጤ ደመና ነው። ደመናው ደግሞ ቦታው ይታወቃል፤ ከግራ ዓይኔ ሥር፣ ጉንጬ ላይ ተቀምጧል፤ ከጉንፋን የመጣ የሳይነስ (ፊት አጥንት ውስጥ ያለ ባዶ ክፍል) እብጠት ነው። ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል ፊቴ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ወደፊት የሄደ መሰለኝ። አንዲት ወዳጄ ደግሞ «ለእብጠቱ ያንን የአናናስ እንክብል አሁንም አልጀመርሽም?» አለችኝ። ስለ ድባቴዬ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት፤ እንክብሉ ይዞኝ ሄደ።

ውስጡ ያለው ብሮሜላይን ነው፤ ከአናናስ ግንድ የሚወጣ፣ ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ድብልቅ። ፍሬውም ውስጥ አለ፤ ምላስ ከሚቆጠቁጡት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ሙቀት ግን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ የቆርቆሮ አናናስ ለዚህ ጉዳይ አይረባም።

ሰው ጠርሙሱ ላይ የሚያየው ሚሊግራሙን ነው። ሚሊግራም የዱቄቱን ክብደት እንጂ የኢንዛይሙን ጉልበት አይናገርም። ጉልበቱ ያለው ጂዲዩ ከሚለው ቁጥር ላይ ነው፤ ጄላቲን የመፍጨት አቅም መለኪያ። በግራም 2400 ጂዲዩ የሆነ ባለ 500 ሚሊግራም እንክብል 1200 ጂዲዩ ይሰጣል፤ በግራም 600 የሆነው ያው 500 ሚሊግራም ተብሎ 300 ብቻ። ኤምሲዩ (ወተት የማርጋት አቅም መለኪያ) ተብሎ ከተጻፈ ቁጥሩ ገዝፎ ይታያል፤ 1 ጂዲዩ 1.5 ኤምሲዩ ገደማ ስለሆነ ነው።

መለኪያው ቤት ውስጥም ይሠራል። ጄላቲን በሁለት ብርጭቆ ማርጋት፣ አንዱ ላይ የእንክብሉን ዱቄት በማንኪያ ውሃ በጥብጦ ማፍሰስ፣ ሌላው ላይ ውሃ ብቻ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ዱቄት የነካው ከላይ ከቀለጠ፣ ሌላው እንደረጋ ከቀረ ኢንዛይሙ ይሠራል ማለት ነው። በአጋር አጋር (ከባሕር አረም በሚሠራው ማርጊያ) መሞከር ግን ከንቱ ድካም ነው፤ እሱ ፕሮቲን አይደለም።

አወሳሰዱ በባዶ ሆድ ነው፤ ከምግብ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በፊት፣ ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ። ከምግብ ጋር ከተዋጠ ሥጋውን መፍጨት ይጀምርና ለጉንጭ የሚተርፍ አይኖረውም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ቀዶ ሕክምና የቀረበለት፣ አናናስ ወይም የላቴክስ ጓንት የሚያሳክከው ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ ባይነካው ይሻላል።

ዘመዱ ሴራፔፕቴዝ (ሌላው ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም) የተገኘው ከሐር ትል አንጀት ባክቴሪያ ነው። የጨጓራ አሲድ ስለሚያበላሸው ልባስ አለው፤ ሰብሮ ወይም አኝኮ መዋጥ ገንዘብ መጣል ነው። የጃፓኑ አምራች ግን መድኃኒት ከሌለው ባዶ ክኒን ጋር ሲነጻጸር ልዩነት ስላልታየ እ.ኤ.አ. በ2011 ከገበያ አወጣው። ብሮሜላይን ትንሽ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል፤ የጀርመን ኮሚሽን ኢ (የዕፅዋት መድኃኒቶችን ይገመግም የነበረ የባለሙያዎች ቡድን) እ.ኤ.አ. በ1993 ከቀዶ ሕክምናና ከጉዳት በኋላ ለሚመጣ እብጠት፣ በተለይ ለአፍንጫና ለሳይነስ፣ በቀን ከ80 እስከ 320 ሚሊግራም ፈቀደው። ከጉንፋን ለሚመጣው ለእኔ ዓይነቱ አላለም፤ ይህን እንክብል ሻጮች ሲዘሉት አያለሁ።

እኔን የሚገርመኝ የጉንጭ ሳይነስ አሠራር ነው። የመውጫው ቀዳዳ ያለው ከታች ሳይሆን ግድግዳው አናት ላይ ነው። በሩ ኮርኒስ ሥር የተበጀ ክፍል ማለት ነው፤ ጥቃቅን ፀጉሮች ንፍጡን ሽቅብ እየጠረጉ ያወጡታል። በሩ ጠባብ ስለሆነ ዙሪያው ጥቂት ካበጠ ይዘጋል። ከኢንዛይሙ የሚጠበቀውም ዋናው ነገር እብጠቱን መቀነስ ነው። መግሉን የሚያወፍረው በከፊል ከሞቱ ነጭ የደም ሴሎች የፈሰሰ ዲኤንኤ ነው፤ ፕሮቲን ቆራጭ ደግሞ ዲኤንኤ አይቆርጥም። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ አፍንጫን ማጠብ ቢያንስ ደጁን ያጸዳል።

ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይለቃል። ካለፈ፣ ተሽሎት ከባሰ፣ ወይም ዓይን ዙሪያ ካበጠ ጉዳዩ የሐኪም ነው። ኮሚሽኑ ለእንክብሉ የሰጠው ጊዜ ስንት ቀን መሰላችሁ? ከ8 እስከ 10። እንግዲህ ሲሻለኝ ማንን ላመስግን?

ለማንኛውም እስካሁን ብሮሜላይን የወሰደው ጄላቲኑ ብቻ ነው። እኔ ምሳዬን በልቻለሁ፣ 2 ሰዓት እየጠበቅሁ ነው፤ በመሃል ደግሞ ብስኩት ቀመስኩ። ማታ ወዳጄ ስትደውል «ጀምሬያለሁ» ብላት ውሸት ይሆናል?