ስድሳኛ ዓመታችን በሐረማያ

በ1979 ዓ.ም. ከአለማያ፣ ከዛሬው ሐረማያ፣ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ የተመረቅን ጓደኛሞች ስድሳኛ ዓመታችንን አንድ ላይ ለማክበር የተስማማነው፣ በየቤታችን ሻማ ለማብራት የሚያበቃ የታወቀ የልደት ቀን ያለን ጥቂቶች ብቻ በመሆናችን ነው። አብዛኞቻችን ከገጠር የመጣን ልጆች ነበርን፤ የተወለድንበት ጊዜ የሚታወቀው በዓመት በዓል፣ በአዝመራ ወይም በድርቅ እንጂ በወረቀት አልነበረም። በትምህርት ቤት መዝገብ የሰፈረልንን ግምት ሥራ ስንይዝ በሕይወት ታሪክ ፎርሙ ላይ ገለበጥነው፤ የጡረታ ጊዜያችንም የተቆጠረው በዚያው ነው። እናም የመሰናበቻ ደብዳቤው በተቀራረበ ጊዜ ለብዙዎቻችን ሲደርሰን፣ ቀኑን ደግሞ እኛው እንምረጠው ተባባልንና የሐረርጌ ማሽላ የሚታጨድበትን የኅዳር ወር መረጥን። ቦታው ግን አላከራከረንም።

ከአዲስ አበባ የተነሣነው በባቡር ነው። ተማሪ ሳለን ወደ አለማያ የምንጓዘው አንድም በአውቶቡስ የጨርጨርን ተራሮች እየዞርን፣ አንድም ከለገሃር በሚነሣው አሮጌ ባቡር እስከ ድሬዳዋ ነበር። የዛሬው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን የሚነሣውም ከከተማው ዳር ከለቡ ነው። መተሐራ ስንደርስ የእርሻ ምህንድስና ያጠኑት ጓደኞቻችን ስለ በሰቃ ሐይቅ ያነሡት ወሬ ረጅሙን መንገድ አሳጠረልን፤ ሐይቁ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ መሬትና መንገድ ሲውጥ እኛ የተማርንበት የአለማያ ሐይቅ መድረቁን አንሥተው፣ በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ሐይቆች በተቃራኒ መንገድ እንዴት እንደሄዱ ያስረዱን ነበር። አዋሽ ላይ ግን ሁላችንም ዝም አልን። በጥር 1977 ዓ.ም. ባቡር አዋሽ አጠገብ ሲገለበጥ ከ400 በላይ ሰዎች ያለቁት እኛ ተማሪ ሳለን ነው፤ ያን ጊዜ ግቢው በሙሉ በዚያ ባቡር ላይ የነበረ ዘመድ ወይም ጓደኛ ይኖር እንደሆነ ሲጠያየቅ ነበር የሰነበተው።

ድሬዳዋ ላይ ፈጢራ በማር በልተን በተከራየነው ሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ተያያዝነው። ሙቀቱ ከኋላችን ቀርቶ የደጋው ነፋስ በመስኮት ሲገባ፣ ከሚኒሶታ የመጣችው ጓደኛችን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እየሳበች «ይኸው፣ ይህን ነፋስ ነው ስፈልግ የኖርኩት» አለች። በእኛ ባች ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እርሷ ባትመጣ በዓሉ ይጎድል ነበር።

ሐይቁን ያየሁበትን ሰዓት መቼም አልረሳውም። እኛ ስንማር ውሃው ሰፊ ነበር፤ ሐረር ከተማም የምትጠጣው ከእሱ እየተሳበ ነበር። ከዚያ በኋላ ዙሪያው ጫትና አትክልት ሆነ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተሩ በዛ፣ ደኑ ከተመነጠረው ኮረብታ የሚወርደው ደለል ወለሉን ሞላው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ይህ ሁሉ የሆነው እርሻን በሚያስተምር ተቋም ደጃፍ ላይ መሆኑ ያመናል፤ ከመካከላችን በአፈርና ውሃ ጥበቃ ዕድሜያቸውን የፈጁ ስላሉ ሕመሙ የሩቅ ሰው ሕመም አይደለም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ውሃው ተመልሷል። እንደ ድሮው ባይሆንም ወፎቹ ዳር ዳሩን ይዘውታል፤ እኛም መኪናውን አስቁመን ወርደን፣ ሽማግሌ ሁሉ እንደ ልጅ ወደ ውሃው ዳር ሮጥን።

ግቢው በጣም ሰፍቷል። የገባነው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደሚተዳደር የእርሻ ኮሌጅ ነበር፤ በግንቦት 1977 ዓ.ም. ኮሌጁ ራሱን የቻለ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሕግም ሕክምናም ያስተምራል። የቀድሞ ዶርማችንን ፈልገን ስናገኝ፣ በረንዳው ላይ ልብስ የሚያሰጡ ተማሪዎች «አባቶች፣ የስንት ባች ናችሁ?» ብለው ተቀበሉን።

ለበዓሉ ኬክ አላዘዝንም፤ ሐረር የሚኖረው ጓደኛችን ባለቤት በኮባ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። ዳቦውን መባረክና መቁረጥ የታላቅ ድርሻ ነውና ታላቁ ማን እንደሆነ መለየት ግድ ሆነ። በወረቀት ከሄድን ብዙዎቻችን የ1957 ልጆች ነን። ስለዚህ ወረቀቱን ትተን እያንዳንዱ የሚያስታውሰውን ይናገር ተባለ። አንዱ አብዮቱ ሲፈነዳ አራተኛ ክፍል ነበርኩ አለ፤ ሌላው ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር ብሎ ራሱን ከውድድሩ አወጣ። በመጨረሻ የወሎው ጓደኛችን ዝግ ባለ ድምፅ፣ በ1965ቱ ድርቅ የቀሩትን ከብቶች ብቻውን እየነዳ ለሁለት ቀን መንገድ ውሃ ፍለጋ ይሄድ እንደነበር ነገረን። ያን ያህል ከብት ብቻውን የሚያሰማራ ልጅ ቢያንስ አሥራ አንድ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። ቢላዋው ለእርሱ ተሰጠ። ተነሥቶ በሕይወት የሌሉትን የባቻችንን ልጆች አንድ በአንድ በስም ከጠራ በኋላ ባረከን፤ ዳቦውንም ቆረሰ።

እርሱ የሥራ ዘመኑን የጨረሰው በማሽላ ምርምር ነው። ከዚሁ ግቢ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም በሚቋቋም ማሽላ ነውና፣ ሰብሉ ለአለማያ ልጅ ሁሉ ኩራቱ ነው፤ ለወሎው ልጅ ግን ከኩራትም በላይ እንደሆነ እኛ እናውቃለን። በማግስቱ ጠዋት የምርምር ማሳውን ስንጎበኝ የማሽላ ራስ በመዳፉ ይዞ ፍሬውን በአውራ ጣቱ እያሸ፣ ወፍ ለምን ይህን ትቶ ያንን እንደሚመርጥ ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ያስረዳ ጀመር። ተማሪው ደብተሩን አወጣ፤ ጥያቄው በዛ። የዚያ ማሳ አጨዳ በሚቀጥለው ሳምንት ነበር፤ ልጁም «ጋሼ፣ ምርቱ ሲመዘን ቢያዩልኝ» ብሎ ለመነው። ወደ ድሬዳዋ የምንመለስበት ሰዓት ሲደርስ የወሎው ጓደኛችን ሻንጣውን ከመኪናው አወረደ፤ እኛም የባቡር ትኬቱን ቀን እናስቀይርልሃለን ብለነው ጉዞ ጀመርን።