አጥብቃ ተናገረች

ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ልቤን የሚጫነው ነገር አለ። ሕመም አይደለም፣ ድካምም አይደለም። ምናልባት የአንዲት ወዳጄ ስልክ ይሆናል። (ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ናት።) የሥራ ግምገማዋ ደርሷት አነበበችልኝ። ሁሉም ደህና ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ግን ድምጿ ወረደ። ስብሰባ ላይ ሐሳቧን የምታቀርበው «አግረሲቭሊ» (በአጥቂነት ስሜት) ነው ይላል። «ይሄ ስድብ ነው እንዴ?» አለችኝ። ትርጉሙ ጠፍቷት አይደለም፤ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል። የጠየቀችኝ ጻፊው በየትኛው ዓይን እንዳያት ነው። ያን ደግሞ እኔ ከየት አውቃለሁ?

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ቃሉ አልለቀቀኝም። እንግሊዝኛ ለኃይለኛ አድራጎት ያለው ተውሳከ ግስ ብዛቱ! ፎርስፉሊ፣ ፎርሲብሊ፣ ቪገረስሊ (በብርታት)፣ ቪሄመንትሊ (በጋለ ስሜት)፣ ፊርስሊ (በአስፈሪ ኃይል)፣ አሰርቲቭሊ (በራስ መተማመን)፣ ቫዮለንትሊ (በዓመፅ)። መዝገበ ቃላት ሲከፈት አንዱ የሌላው ተመሳሳይ ሆኖ ይቀርባል። ግን ፎርስፉሊና ፎርሲብሊን ብቻ እንኳ ብናይ፣ ሁለቱም «ፎርስ» (ኃይል) ከሚለው ቃል ወጥተው መንገዳቸው ተለያይቷል። አንዲት ሴት ፎርስፉሊ ተናገረች ከተባለ ንግግሯ ሚዛን ደፍቷል ማለት ነው። አንድ ሰው ፎርሲብሊ ከአዳራሹ ወጣ ከተባለ ግን ክንዱን ተይዞ፣ ሳይወድ በግድ ነው የወጣው። የመጀመሪያው የሚያስከብር ነው፤ ሁለተኛው ክስ ሊያስመሠርት ይችላል።

እነዚህን ቃላት በዘመድ በዘመዳቸው ሰብስቦ ያስቀመጠልን ፒተር ማርክ ሮዤ ሐኪም ነበር። «ቴሶረስ» የተባለውን የተመሳሳይ ቃላት መዝገቡን በ1852 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ቃላቱን የደረደራቸው በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ ዝምድና ነው፤ ተቃራኒዎችንም ጎን ለጎን አቆማቸው። ታላቅ ሥራ ነው፤ ለዚህ ሰው አክብሮት አለኝ። ነገር ግን አንድ ጻፊ ከዚያ ክምችት ውስጥ ተመሳሳይ ቃል ሲያነሣ አብሮ ፍርድ እንደሚያነሣ ዝርዝሩ አይነግረውም።

«አግረሲቭ» የመጣበት ሥር ራሱ ክፉ አልነበረም። ላቲኑ «ወደ» እና «መራመድ» ከሚሉ ቃላት የተሠራ ነው፤ ወደ አንድ ነገር ወይም ወደ አንድ ሰው መራመድ። ጥቃት የሚለው ትርጉም በኋላ ነው የተጫነበት። ዛሬም ቢሆን የሚከፋው ሁሉም ቦታ አይደለም። ኩባንያ አግረሲቭሊ ገበያ ገባ ሲባል ባለድርሻዎቹ ደስ ይላቸዋል። ሐኪም ካንሰርን አግረሲቭሊ እናክማለን ሲል የታማሚው ቤተሰብ ተስፋ ያደርጋል። አንዲት ሠራተኛ ስብሰባ ላይ ሐሳቧን ስትሟገትበት ግን ያው ቃል ነውር ሆኖ ማኅደሯ ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ያናድደኛል፤ በጣም ያናድደኛል።

ቪገረስሊ ከእነዚህ ሁሉ ንጹሑ ይመስለኛል፤ ኃይሉ የሚያርፍበት ተጎጂ የለውምና። ጠርሙሱን ቪገረስሊ ነቅንቁት ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ሲመክር «ብርቱ» ለሚለው የገባው የእንግሊዝኛ ቃል የዚሁ ወንድም ነው። ቪሄመንትሊ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመካድና ከመቃወም ጋር ነው የሚውለው። «ቪሄመንትሊ ተስማማ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ከሁሉ ልቤን የነካው አሰርቲቭሊ ነው። በጥንቷ ሮም ሕግ፣ ባሪያ ነህ የተባለ ሰው ነጻነቱን ራሱ ቆሞ መከራከር አይችልም ነበር። «ይህ ሰው ነጻ ነው» ብሎ የሚሟገትለት ሌላ ነጻ ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው «አሰርቶር» ይባላል። ዛሬ በየሥልጠናው «አሰርቲቭ ሁኑ» የሚባልበት ቃል የዚያው ግስ ልጅ ነው። ስለ ሌላው ነጻነት አፍን ከፍቶ መናገር! ለራስ መብት ከመናገርም በፊት ቃሉ እዚያ ቆሞ እንደነበር ማወቁ ደስ ይላል።

ቃል ብቻ ነው፣ ምን ያመጣል የሚል ካለ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር ያሳተሙትን ጥናት ልንገረው። ሰዎች የመኪና ግጭት ፊልም ካዩ በኋላ መኪኖቹ በምን ፍጥነት ይሄዱ እንደነበር ተጠየቁ። ጥያቄው ላይ የተቀያየረው አንድ ግስ ብቻ ነው። «ተነካኩ» ተብሎ የተጠየቀው ቡድን በአማካይ በሰዓት 32 ማይል ገደማ ሲል፣ «ተላትመው ተሰባበሩ» የተባለው 40 ገደማ አለ። በሌላ ሙከራ ደግሞ ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ተባሉ። በኃይለኛው ቃል ከተጠየቁት 50 ሰዎች 16ቱ፣ በለስላሳው «ገጨ» ከተጠየቁት 50 ደግሞ 7ቱ አዎ አሉ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

ስብሰባው ላይ ያልነበረ ሰው ነገ ያን ማኅደር ሲገልጥ የሚያየው እንዲህ ያለውን፣ ያልነበረውን የተሰበረ መስታወት ነው።

በእኛስ ቋንቋ? እንግሊዝኛው መጨረሻው ላይ የሚቀጥላት «ሊ» ከጥንታዊ እንግሊዝኛ «አካል» ከሚል ቃል ጋር የምትዘመድ ናት ይላሉ የቋንቋ ሊቃውንቱ፤ ሆኖም አካሉ የማን እንደሆነ አትነግርም። የእኛው አጥብቃ፣ አምርሮ፣ አበክረው ግን ግስ ስለሆኑ ሰው ይዘው ነው የሚመጡት። አጥብቄ፣ አጥብቀሽ፣ አጥብቀን። ያለ አድራጊ አንዱንም መናገር አይቻልም። ኃይሉ ከውጭ የተለጠፈባት ሳይሆን እሷው ያጠበቀችው ነው። «አምርሮ ተቃወመ» ሲባልም ምሬቱ የራሱ ነው፤ ምን አስመረረው ብሎ መጠየቅ ግድ ይላል። ይህን ነገር እወደዋለሁ።

ግን ቋንቋዬን ንጹሕ ላደርገው አልችልም። «ደፋር» አለና። ስለ ወታደር «ደፋር ነው» ሲባል ሙገሳ ነው። ስለ ልጅ፣ ስለ ምራት፣ ስለ ታናሽ ሠራተኛ «ደፋር ናት!» ሲባል ሁላችንም በድምፁ ብቻ እናውቀዋለን። ቃሉ አልተለወጠም፣ ድርጊቱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማን ለማን ተናገረ የሚለው ነው። «በድፍረት ጠየቀች» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳነብ ጻፊው እያደነቀ ይሁን እየወቀሰ ለማወቅ ቀጣዩን መስመር መጠበቅ አለብኝ። ታዲያ ከአግረሲቭሊ በምን ተሻለ?

የኃይሉን ልክ ብቻ ተናግሮ የጻፊውን ፍቅርም ጥላቻም የማይነግር ቃል ስፈልግ አመሸሁ። «ጮክ ብላ» ይቀርባል፤ እሱም ቢሆን ጸጥታ ለሚወድ ሰው ወቀሳ ነው። «በጽኑ» ደግሞ ወደ ምስጋና ያጋድላል። «አጥብቃ» ሳይሻል አይቀርም። ግን ለምንወዳት ሰው «አጥብቃ ተናገረች» ማለት ቀላል ነው። ሐሳቡ የሚያንገሸግሸን፣ ድምፁ ገና ሲሰማ የሚያስቆጣን ሰው ልክ በዚያው ኃይል ሲናገርስ፣ ይህችኑ ቃል ሳናጎድል ልንሰጠው እንችላለን?